አሥራ አንድ ድንጋይ፣ አሥራ አንድ ጉድጓድ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የጠዋት ሥራዬ አንድ ብቻ ነው። ቡታጅራ፣ ከሐጂ ሸምሱ የጨርቅ ሱቅ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ በስልኬ የአውሮፓን አፈር አገላብጣለሁ። ከጥንት ሮማውያን መንደር ምን ወጣ፣ ከግሪክ ባሕር ምን ተጎተተ እያልኩ እፈልጋለሁ። ሐጂ ሸምሱ የልጅነት ጓደኛዬ ነው። የጨርቅ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ፣ ዛሬስ ፈረንጆቹ ምን አገኙ ይለኛል። የነገርኩትን ደግሞ ለደንበኞቹ አሳምሮ ስለሚተርክ፣ አንዳንዴ የቆፈረው ራሱ ይመስላል።

ደጋግሜ የማየው ጣልያን አገር በአንድ የጥንት ፍል ውሃ ጭቃ ውስጥ የተገኙትን የነሐስ ሐውልቶች ነው። የዛሬ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ሰዎች ለመዳን ወደዚያ ውሃ ሲሄዱ የነሐስ ምስል ያስገቡ ነበር። ጆሮው የታመመ ጆሮ፣ እግሩ የታመመ እግር አሠርቶ ይጥላል። እኛ ጠበል ሄደን ስለት እንደምናስገባው ማለት ነው። ጭቃው ከላያቸው ተከድኖ አቆያቸው። የቆፈሩት ሰዎችም የትኛው በየትኛው ላይ እንደተኛ እየለኩና እየሳሉ ነው ያወጧቸው። ሐጂ ሸምሱ የነሐሱን ማማር ያደንቃል። እኔ የምቀናው በቆፋሪዎቹ ነው፤ ቅናቱም ቀኑን ሙሉ አይለቀኝም።

ሐጂ ሸምሱ የሚወደው ሌላ ነው፤ እሳተ ገሞራ በቀበራት የጥንት ከተማ፣ ፖምፔ ውስጥ የተገኘውን ምግብ ቤት። ባንኮኒው ከነሥዕሉ፣ ድስቶቹ ባንኮኒው ውስጥ እንደተቀበሩ፣ ከውስጣቸው የዳክዬና የፍየል አጥንት፣ ዓሣና ቀንድ አውጣ ተገኝቷል። እስከ ፍየሉ ድረስ በጥሞና ያዳምጠኝ ነበር፤ ቀንድ አውጣው ላይ ስንደርስ ፊቱን አጨፍግጎ፣ ለዚህ ነው እሳተ ገሞራ የወረደባቸው አለ። እኔ ደግሞ አስረዳሁት። ድስቱን አንድ ሰው ከቦታው አንሥቶ አጥቦ ቤቱ ቢያስቀምጠው ኖሮ፣ ዛሬ ድስት ብቻ ይሆን ነበር። ማን ምን እንደበላበት አይታወቅም ነበር። ይህን ስናገር ድምፄ ሳይታወቀኝ ከፍ ብሎ ኖሯል፤ ሐጂ ሸምሱ ጨርቁን መለካቱን ትቶ አየኝ።

ምክንያት አለኝ። ከሠላሳ ዓመት ያላነሰ የቅርስ መዝጋቢ ሆኜ ሠርቻለሁ። በእነዚያ ዓመታት ከሞላኋቸው ካርዶች ውስጥ በአሥራ አንዱ ላይ የጻፍኩት ውሸት ነው። ተሳስቼ አይደለም፤ አውቄ ነው የዋሸሁት። ቦታዬን የተረከበችው ወጣት ባለሙያ በቅርቡ ደውላ ስለ እነዚያ ካርዶች እስክትጠይቀኝ ድረስም ጉዳዩ ተረስቷል ብዬ ተኝቼ ነበር።

ሥራ የጀመርኩት ቆሼ የምትባል ከተማ ነው፤ የታሪክ አስተማሪ ሆኜ። እውነቱን ለመናገር ከተማሪዎቹ ቀድሜ የሚሰለቸኝ እኔ ነበርኩ። ቡታጅራ ባህል ቢሮ የቅርስ መዝጋቢ ቦታ ሲወጣ ተወዳደርኩና አለፍኩ፤ ሌላ ተወዳዳሪ አልነበረም። ደመወዙ ከአስተማሪነቱ አይሻልም፣ የሚሞላው ወረቀት ግን ይበልጣል። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ሜትርና አንድ መዝገብ ሰጡኝ። ካሜራ ስንፈልግ በትውስት ነበር።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ተካ ናቸው። የጥያ አካባቢ ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው ለውጭ አገር ቆፋሪዎች አፈር በቅርጫት ሲያወጡ እያዩ ሙያውን ቀሰሙ፤ ኋላም በመንግሥት ተቀጥረው የመስክ ሠራተኛ ሆኑ። ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማሩም። ግን ዲግሪ ይዤ ሄጄ እሳቸው ፊት እርሳስ መያዝ ጠፍቶኛል።

የቆሙ ድንጋዮች ያሉበት ቦታ ስንደርስ፣ ጋሽ ተካ መጀመሪያ የሚያደርጉት ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ ማጣመር ነው። እንደዚያ ሆነው ግማሽ ሰዓት ይዞራሉ። እኔንም እጄን ያስጣምሩኛል። "መጀመሪያ ዓይን፣ ቀጥሎ እርሳስ፣ እጅ መጨረሻ ነው" ይሉኛል። ከዚያ ገመድ ወጥረው፣ ሰሜኑን ለይተው፣ አንዱ ድንጋይ ከሌላው በስንት ክንድ እንደሚርቅ፣ ወዴት እንዳዘመመ፣ ሥሩ ያለው አፈር ጥቁር ይሁን ቀይ፣ ሁሉንም በእርሳስ ያሰፍራሉ። ድንጋዩ ላይ የተቀረጸውን ሰይፍ ለማጉላት ሌላው ባለሙያ በጠመኔ ይቀባ ነበር፤ እሳቸው ፊት ግን ጠመኔ ማውጣት ነውር ነው። ከፀጉር አስተካካይ የገዟት አንዲት መስታወት ነበረቻቸው። የፀሐይን ብርሃን በመስታወቷ ተቀብለው ከጎን ሲለቁበት፣ ባዶ ይመስል የነበረው ድንጋይ ላይ ሰይፉ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። አቧራውን የሚጠርጉት ከእንሰት ቃጫ ራሳቸው ባሰሩት ብሩሽ ነው። እኔ ከሱቅ የገዛሁትን ባሳያቸው፣ ይኼ ለጫማ ነው ብለው መለሱልኝ።

አንድ ነገር ደግሞ ሳይሰለቹ ይነግሩኝ ነበር። ድንጋዩ ግማሹ ነው፤ ግማሹ ጉድጓዱ ነው። ከድንጋዩ ሥር መቃብር አለ። ያቆሙት ሰዎች ማንን እንዳከበሩ፣ እንዴት እንደቀበሩት የሚናገረው ጉድጓዱ ነው። ድንጋዩ ተነቅሎ ጉድጓዱ ከጠፋ የቀረው ነገር ለግቢ ጌጥ ይሆናል እንጂ አይናገርም ይሉኝ ነበር። እኔም ገብቶኛል እል ነበር።

በዚያን ጊዜ የነበረን ኃላፊ ቁጥር ይወድ ነበር። ክፉ ሰው አይደለም፤ ለቅሶ ቤት ቀድሞ የሚገኝ፣ የታመመ ሠራተኛ የሚጠይቅ ሰው ነው። ሪፖርት ሲደርስ ግን "ስንት ቅርስ ሰበሰባችሁ?" ከማለት ሌላ ጥያቄ አልነበረውም። ጋሽ ተካ፣ እኛ እንመዘግባለን እንጂ አንሰበስብም ቢሉት የሰነፍ መልስ መሰለው። እኔ ወጣት ነበርኩ፤ መሾምም እፈልግ ነበር። የሚወደውን ቁጥር ላገኝለት ተነሣሁ።

እኛ አካባቢ ቆጮ ጉድጓድ ውስጥ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ይቀበርና ከላይ ከባድ ድንጋይ ይጫንበታል። ከቡኢ ወጣ ብላ ባለች አንዲት መንደር ስዞር፣ በአንዱ ጓሮ ቆጮውን የተጫነው ድንጋይ ሰይፍ የተቀረጸበት ስባሪ ሆኖ አገኘሁት። የሚቀጥለውም ጓሮ እንዲሁ ነው። መቼ እንደተሰበረ የሚያውቅ የለም። የግራኝ ድንጋይ ነው ይሉኛል፤ አያቶቻችንም እንዲሁ ሆኖ ነው ያገኙት ይላሉ። እሑድ እድር እስኪሰበሰብ ጠብቄ ተነሥቼ ተናገርኩ። በየጓሯቸው ያለው ስባሪ የአባቶቻቸው ታሪክ እንደሆነ፣ ወደ ቀበሌው ግቢ ቢያመጡት መንግሥት እንደሚጠብቅላቸው አስረዳሁ። በደንብ ተረዱኝ። የእድሩ ዳኛ አቶ ዘርጋ፣ ረጅም፣ ቁጥብ ሰው ነበሩ፤ በሳምንቱ ና አሉኝ።

በሳምንቱ ስሄድ ከአጥሩ ውጭ የነበረው ሕዝብ መንገድ ለቀቀልኝ። ግቢው ውስጥ አሥራ አንድ ሙሉ ድንጋይ በቁመት ቅደም ተከተል ተደርድሯል። አንዱም ስባሪ አይደለም። ታጥበዋል። የአንዳንዱ ቁመት ከእኔ ይበልጣል። አርባ የሚሆኑ ወንዶች እጃቸው ተልጦ፣ ልብሳቸው አፈር ለብሶ በሁለት ረድፍ ቆመዋል። ሴቶቹ ቆጮና አይብ፣ ጎመንም አቅርበዋል። ስባሪዎቹ የታሉ ብዬ ብጠይቅ አቶ ዘርጋ ከቤቱ ጀርባ ጠቆሙኝ።

"ለመንግሥት የተሰበረ ነገር አይሰጥም፤ አንተንም ያሳፍርሃል" አሉኝ። "ስለዚህ ማሳው ላይ ከቆሙት ደህና ደህናውን ነቅለን በደቦ አመጣነው።"

ለእንግዳ ጎዶሎ ነገር ማቅረብ ነውር የሆነበት አገር ነው። የእሸት በቆሎ እንኳ ጥርሱ የጎደለውን ለራሳቸው ያስቀራሉ። እኔ የዚያው አገር ልጅ ሆኜ ይህን አለማሰቤ እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል። ፈረንጅ ቢሆን ባላወቀ ይባላል። እኔ ግን ስባሪ አምጡ ብዬ ስለምን የሚሆነውን ማወቅ ነበረብኝ።

ፊቴ በዚያች ሰዓት ምን እንደመሰለ አላውቅም። አንዱ ሰውዬ የተቀጠቀጠ ጣቱን በጨርቅ አስሮ ፈገግ እያለ ያየኛል። ሁሉም ምን እንደምል ይጠብቃሉ። አመሰገንኳቸው። ታሪክ ይዘክራችኋል አልኳቸው፤ አጨበጨቡ። የቀረበልኝን በላሁ፤ መርቄም ተነሣሁ። ማሳው ከዚያ የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። ሄጄ ጉድጓዶቹን ማየት ይገባኝ ነበር። እዚያ ብቆም እንባዬ ይመጣል፣ ጥፋቱም ይታወቅብኛል ብዬ ፈራሁና መኪና ጠብቄ ወደ ቡታጅራ ተመለስኩ።

እንግሊዝ አገር የተገኘውን አንዱን ነገር ሳየው የሚያመኝ በዚህ ምክንያት ነው። አንድ የገጠር መንደር ሰዎች ተሰብስበው፣ ያለ ደመወዝ፣ የአካባቢያቸውን ማሳ ቆፈሩ። ሊጨርሱ ሲሉ ጡጫ የሚያህል፣ አሥራ ሁለት ጎን ያለው፣ በየጎኑ ቀዳዳ ያለበት የነሐስ ዕቃ አገኙ፤ ከሮማውያን ዘመን ነው። ለምን ይጠቅም እንደነበር እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። የዚህ ዓይነቱ ዕቃ ከዚያ በፊትም ተገኝቷል፤ የብዙው መገኛ ግን በውል አይታወቅም። ይኼኛው ከተጣለበት ጉድጓድ ውስጥ፣ በሸክላ ስብርባሪ መሐል እንዳለ ተመዝግቦ ነው የወጣው። አንድ ቀን ምሥጢሩ ቢፈታ በዚያ ጉድጓድ ነው የሚፈታው። ቆፋሪዎቹ እንደ እነ አቶ ዘርጋ ያሉ፣ በፍቅር የወጡ የመንደር ሰዎች ናቸው። እነሱ ግን ቆይ፣ አታንሡ የሚላቸው ሰው ነበራቸው። የእኔዎቹ የነበራቸው እኔ ነኝ።

በአራተኛው ቀን ጋሽ ተካ ድንጋዮቹን ሊያዩ መጡ። አብሬያቸው ሄድኩ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከአንደኛው እስከ አሥራ አንደኛው ቀስ ብለው ሄዱ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ከአንዱ ድንጋይ ግርጌ፣ ከስንጥቁ ውስጥ አፈር በጥፍራቸው ፈልቅቀው በጣታቸው አሹት። እርጥብ ነበር።

"የት ነበሩ?" አሉኝ።

"ወድቀው ነው የተገኙት ጋሼ፣ በየጓሮው።"

አፈሩን ከጣታቸው አራገፉ። ቀጥለው የተናገሩት ዛሬም ቃል በቃል በጆሮዬ አለ። "ጉድጓድ ካለ፣ ሳይደፈን ከተደረሰበት ድንጋዩ ወደ እግሩ ይመለሳል። አንዱ በሌላው ጉድጓድ አይገባም፣ ልኩ ይለያል። ዝናብ ከወረደበት ግን አበቃ። እስቲ አስብበት።" ዋሸህ አላሉኝም። በር ከፍተውልኝ ነበር፤ አልገባሁበትም።

በማግሥቱ ግን እንቅልፍ ስላጣሁ ብቻዬን ወደ ማሳው ሄድኩ። ማሳው ታርሶ፣ ጓሉ ተከስክሶ ተስተካክሏል። የአንድም ጉድጓድ ምልክት የለም። የእርሻ ወቅት ስለሆነ ነው አልኩ። ቢያሳፍረኝም ሳልደብቅ ልናገር፤ በመጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነው። ከእንግዲህ ብናገርም ለውጥ አያመጣም አልኩ። ቢሮ ገብቼ አሥራ አንዱንም ካርድ "ወድቀው የተገኙ" ብዬ ሞልቼ ፈረምኩ። ኃላፊያችን በቁጥሩ ተደስቶ የምስጋና ደብዳቤ ጻፈልኝ። ብዙም ሳይቆይ ወልቂጤ ወዳለው የዞኑ ቢሮ በዕድገት ተዛወርኩ።

ጋሽ ተካ ቂም አልያዙብኝም፤ ስንገናኝ እንደ ወትሮው ስመው ቤተሰብ ይጠይቁኝ ነበር። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ መስክ አብረን እንውጣ ብለውኝ አያውቁም። እኔ ወልቂጤ እያለሁ ዐረፉ። ለቅሷቸው ላይ ሰው ሁሉ ደቀ መዝሙራቸው ነበርክ እያለ ሲያጽናናኝ መሬት ብትውጠኝ እመርጥ ነበር።

ወልቂጤ ሳለሁ ደህና ሥራ አልሠራሁም አልልም። የጀፎሮውን፣ ያንን በመንደሩ መሐል የሚያልፈውን ሰፊ የሣር መንገድ፣ ከሽማግሌዎች ጋር በእግሬ እየሄድኩ ዳርቻውን መዝግቤያለሁ። አንድ የሸክላ ገል እንኳ ቢመጣልኝ፣ ከየት እንደተነሣ ሳልጽፍ አልቀበልም ነበር። ባልደረቦቼ "አቶ የትነበር" ብለው ስም አወጡልኝ። እስቅ ነበር። ቀልዱ የት እንደሚወጋኝ እነሱ አያውቁም።

እንግዲህ ያቺ ባለሙያ ደወለች። ቦታን በሳተላይት የሚለካ መሣሪያ መጥቶላቸዋል፤ የዞኑን ድንጋዮች ሁሉ አንድ በአንድ እየለኩ ነው። በትሕትና፣ "ጋሼ፣ ካርድዎ ላይ ወድቀው የተገኙ ይላል። የት እንደሆነ ቢጠቁሙኝ ቦታውን እይዘው ነበር" አለችኝ። ላስታውስና ልደውልልሽ አልኳት። ሐጂ ሸምሱ ከአጠገቤ ነበር፤ ፊቴን አይቶ ምን ሆንክ አለኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገሩን ከሥሩ ነገርኩት። አልቀለደም። ጨርቁን አጣጥፎ መደርደሪያ ላይ መለሰና፣ የበደልከው ሰው በሕይወት ካለ ሄደህ አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ ማለት አለብህ አለኝ። ጋሽ ተካ ሞተዋል አልኩት።

"ዘርጋስ?" አለኝ።

በማግሥቱ እስከ ቡኢ በሚኒባስ፣ ከዚያ በባጃጅ ሄድኩ። ድንጋዮቹ ከቀበሌው ግቢ አልተነቃነቁም፤ ዙሪያቸውን አጥር ተሠርቶላቸዋል፣ ግርጌያቸው በሲሚንቶ ተይዟል። አቶ ዘርጋ ሰማንያን አልፈዋል። ደጃፋቸው ላይ ቆዳ አንጥፈው ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። ድምፄን ለይተው፣ መንደሩ ያኔ ይጠራኝ እንደነበረው መምህር አሉኝ። እኔም ሳልቀመጥ ጀመርኩ። ያን ቀን ማመስገን እንዳልነበረብኝ፣ ድንጋዮቹ መነቀል እንዳልነበረባቸው፣ ጥፋቱ የእነሱ ሳይሆን የእኔ እንደሆነ፣ ወረቀቱ ላይም እንደዋሸሁ ነገርኳቸው። እስክጨርስ አላቋረጡኝም።

"እናውቃለን" አሉ። "ያን ቀን ፊትህን አየነው። ሰው የሞተበት ፊት ነበር።"

እሳቸው ቀጠሉ። እኔ እንደሄድኩ እድሩ ተሰብስቦ ተነጋገረ። መምህር ደንግጧል፣ ያጠፋነው ነገር አለ፤ አለቃው መጥቶ ጉድጓዱን ቢያይ ይፈርድበታል ተባባሉ። ሲነጋ በሬ ጠምደው፣ ጉድጓዶቹን ደፍነው፣ ማሳውን በሙሉ አረሱት። ወቅቱ ስለሆነ አልነበረም። ለእኔ ብለው ነው።

"ለምን አልነገራችሁኝም አባባ?"

"አመሰገንከን እኮ። ያመሰገነንን ሰው አጥፍተሃል እንዴት እንበለው? አንተ እስክትናገር ጠበቅን።" ከዘራቸውን መሬት ላይ ወዲያና ወዲህ አሹት። "በዚያን ጊዜ መልሱ ብትለን ፀሐይ ሳትጠልቅ መልሰን እናቆማቸው ነበር። አርባ ሰው ነበርን። ሁሉም የነቀለበትን ያውቅ ነበር።"

ከአርባው ማን ቀረ ብዬ ጠየቅኋቸው። እሳቸውና አንድ አዲስ አበባ ልጁ ዘንድ የተኛ በሽተኛ ብቻ ቀርተዋል። እርስዎ የነቀሉትስ የትኛውን ነበር አልኳቸው። ረጅሙን አሉና፣ ሳልለምናቸው ተነሡ። ክንዳቸውን ይዤ ቀስ እያልን ሄድን። ማሳው ዛሬ ባሕር ዛፍ ነው። ቦታውን ለመያዝ ስልኬን ከፍቼ በእጄ ያዝኩ። አቶ ዘርጋ በዛፎቹ መሐል ቆሙና ከዘራቸውን ተክለው፣ እዚህ ነው አሉ። ትንሽ አሰቡና አይደለም ብለው አሥር እርምጃ ያህል ወደ ታች ወረዱ፤ እዚህ ነው አሉ። ከዚያ ዙሪያቸውን አዩ። ወደ መጀመሪያው ቦታ ተመለሱ፤ እንደገናም ቆሙ። እኔ በልቤ፣ የትም ይሁን፣ አንዱን ቦታ ብቻ ይበሉኝ እያልኩ ነበር።

"መምህር" አሉኝ በመጨረሻ፣ "ልዋሽህ አልችልም። አላስታውሰውም።"

ስልኬን ወደ ኪሴ መለስኩና ክንዳቸውን ደግፌ ወደ ቤታቸው ወሰድኳቸው።